ገመናም ቅርስ ነው

እንግሊዞች እነ መስኮት ጠራጊውን ራሳቸውን እየጠረጓቸው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1974 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) «ኮንፌሽንስ ኦፍ ኤ ዊንዶው ክሊነር» የሚባል ፊልም ወጣ። በእኛው አፍ «የመስኮት ጠራጊው ኑዛዜ» ብንለው ያስኬዳል። አንድ ኮስማና ጎረምሳ መሰላልና ባልዲ ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል። መስኮት ሊጠርግ ይገባል፤ መስኮቱን የሚጠርግበት ጊዜ ግን አያገኝም። ለምን እንደማያገኝ እዚህ አልዘረዝርም፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። የዘመኑ ሐያስያን ፊልሙ ላይ የስድብ መዓት አወረዱበት። ሕዝቡ ደግሞ ስድቡን አንብቦ ሲያበቃ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ።

ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ የዚያን ዘመን ወሲብ ቀመስ ኮሜዲዎች ከየጋራዡና ከየመጋዘኑ አውጥቶ ማጠብ፣ መጠገን፣ ቀለማቸውን መመለስና በአማረ ሣጥን አሽጎ መሸጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሰብሳቢዎች አሉት፤ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉት፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የፊልም ተቋምም እጁን አስገብቶበታል። ያኔ «ቆሻሻ» የተባለው ዛሬ «ቅርስ» እየተባለ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ስንት ጉድ እያለ ስለ ፈረንጅ ባለጌ ፊልም ይጽፍልናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አልፈርድበትም። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋል። ከፊልሞቹ ጀርባ ያለው ጥያቄ የየትም አገር ሰው ጥያቄ ነው፦ ማኅበረሰብ የሚያፍርበትን ነገር ምን ያድርገው? ይጣለው? ይደብቀው? ወይስ አጥቦ ያስቀምጠው? ካስቀመጠውስ... እንዴት አድርጎ?

መጀመሪያ ፊልሞቹን እንወቃቸው። አሠራራቸው ምሥጢር የለውም። አንድ ከድሃ ሰፈር የወጣ ጎረምሳ ውሰዱ። ሰው ቤት የሚያስገባ ሥራ ስጡት፦ መስኮት ጠራጊ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ታክሲ ነጂ፣ መኪና መንዳት አስተማሪ። ባሏ ሥራ የሄደባት የቤት እመቤት ጨምሩበት። ነገሩ ሞቅ ማለት ሲጀምር ባልየው በሩን ይክፈት። ጎረምሳው ሱሪውን በእጁ ይዞ በመስኮት ይዝለል። ከታች ፖሊስ ወይ ቄስ ወይ ውሻ ይጠብቀው። ይኸው ነው ወጡ። ይህን እያማሰላችሁ ዘጠና ደቂቃ ካደረሳችሁት ፊልም ሠርታችኋል።

እኔ ከእነዚህ ፊልሞች ጥቂት የማይባሉትን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ብልግናቸው ሳይሆን ዓይን አፋርነታቸው ነው። በዚያው በ1974 ፈረንሣዮቹ «ኢማኑኤል»ን አውጥተዋል፤ ወሲብን በሐር ጠቅልለው፣ ሙዚቃ አስደግፈው፣ እንደ ቅዳሴ ኮስተር ብለው። እንግሊዞቹ ግን ሳይስቁ ማየት አልሆነላቸውም። ልክ ነገሩ ላይ ሲደርሱ አንዱ ይንሸራተታል፣ አንዱ ከአልጋ ይወድቃል፣ ወጥ ቤቱ በሳሙና አረፋ ይሞላል። ወሲብን ለመሸጥ የተሠሩ ግን ወሲብን የሚፈሩ ፊልሞች ናቸው። ቀልዳቸው ደግሞ በአብዛኛው ይደግማል፤ ሲደግም ይሰለቻል። በግልጽ ልናገር፤ ከአሥሩ ሰባቱ እንደ ፊልም ደካማ ናቸው።

የሠሩት ሰዎች ግን ሁሉም ተራ አልነበሩም። የ«መስኮት ጠራጊው» ዳይሬክተር ቫል ጌስት በ1961 «ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ኮት ፋየር» የሚለውን የተከበረ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የሠራ ሰው ነው። መጽሐፉን በብዕር ስም የጻፈው ክሪስቶፈር ውድ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለጄምስ ቦንድ ፊልሞች፣ ለ1977ቱ «ዘ ስፓይ ሁ ላቭድ ሚ» እና ለ1979ኙ «ሙንሬከር» የጻፈው ራሱ ነው። ጎረምሳው ሮቢን አስክዊዝ ከዚያ በፊት በሊንዚ አንደርሰን «ኢፍ» (1968) እና በጣሊያናዊው ፓዞሊኒ «ዘ ካንተርበሪ ቴልስ» (1972) ላይ ተጫውቷል። የእህቱን ባል ሆኖ የሚሠራው አንቶኒ ቡዝ ደግሞ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የቶኒ ብሌር አማት ነው! በ1975 የወጣውን «ኤስኪሞ ኔል» ዳይሬክት ያደረገው ማርቲን ካምቤል ቦንድን ሁለት ጊዜ ከወደቀበት ያነሳው ሰው ነው፤ በ1995 በ«ጎልደን አይ»፣ በ2006 በ«ካዚኖ ሮያል»።

እንዲህ ያሉ ሰዎች እዚህ ሠፈር ምን ይሠሩ ነበር? እንጀራ ነዋ! ቁጥሩን እዩት። በ1946 የእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች በዓመት ከ1 ነጥብ 6 ቢሊዮን በላይ ትኬት ይሸጡ ነበር። በ1970 ወደ 193 ሚሊዮን ወረደ። በ1984 ጭራሽ 54 ሚሊዮን ሆነ። ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ቀረ። የአሜሪካ ኩባንያዎችም በስድሳዎቹ ለንደን ላይ ሲያፈሱት የነበረውን ገንዘብ ሰብስበው ሄዱ። ለሲኒማ ቤቱ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቴሌቪዥን የማያሳየውን ማሳየት።

ሁለት ነገሮች ደግሞ መንገዱን ጠረጉለት። አንደኛ፣ «ኤክስ» የሚባለው የአዋቂዎች ፈቃድ ዕድሜ በ1970 ከ16 ወደ 18 ከፍ አለ፤ ሳንሱሩም በዚያው ልክ እጁን ላላ አደረገ። ሁለተኛው «ኢዲ ሌቪ» ነው፤ ከየሲኒማ ትኬቱ የሚቆረጥና ለአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች የሚከፋፈል ገንዘብ። በ1950 በፈቃደኝነት ተጀምሮ በ1957 ሕግ ሆነ፤ እስከ 1985 ቆየ። ገንዘቡ የሚከፋፈለው ፊልሙ ባስገባው ገቢ ልክ እንጂ በጥበቡ ልክ አልነበረም። ስለዚህ በርካሽ ተሠርቶ ብዙ ያስገባ ፊልም ሁለት ጊዜ ይበላል ማለት ነው። መንግሥት የአገር ባህል አሳድጋለሁ ብሎ ባወጣው ሕግ ሱሪውን ይዞ በመስኮት የሚዘለውን ልጅ ሲደጉም ኖረ። ሕግ አውጪዎች ይህቺን ታሪክ ቢያነቧት አይጎዱም።

ከዚያ ሶሆ አለላችሁ። የለንደኑ ሶሆ ውስጥ፣ ግሬት ዊንድሚል መንገድ ላይ፣ «ሙላን» የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር። በ1977 «ካም ፕሌይ ዊዝ ሚ» የተባለ ፊልም እዚያ ተከፈተ። ገንዘብ አታሚ አጭበርባሪዎች አንድ ጤና ማረፊያ ቤት ሄደው የሚደበቁበት፣ ያረጁ ኮሜዲያንና ያልለበሱ ነርሶች የሚተራመሱበት ፊልም ነው። ለአራት ዓመት ገደማ፣ እስከ 1981 ድረስ ሳይወርድ ታየ፤ በእንግሊዝ ፊልም ታሪክ ሪከርድ ነው። ከጀርባው የነበረው ባለገንዘብ የመጽሔት አሳታሚው ዴቪድ ሰለቫን ነው። የእንግሊዝ ኳስ የምትከታተሉ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ በ2010 ዌስትሃም ዩናይትድን ከያዙት ባለሀብቶች አንዱ እሱ ነው። እንዲህ ነው እንግዲህ... የሶሆ ሳንቲም ዞሮ ዞሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛም ሰፈር ኳስ በሚታይበት ቤት ይደርሳል።

በሰማንያዎቹ ቪዲዮ ክር መጣ። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ቤቱ ዘግቶ ማየት ቻለ። ኢዲ ሌቪም ቀረ። ፊልሞቹ በአንድ ጊዜ ወላጅ አልባ ሆኑ። የሠሯቸው ትንንሽ ኩባንያዎች ፈረሱ፤ ባለመብቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ ነበር። ኔጌቲቩ በፊልም ማጠቢያ ላቦራቶሪዎች መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ የመደርደሪያ ኪራይ የሚከፍል ሲጠፋ ደግሞ ወደ ቆሻሻ መጣያ። እንግሊዝ አገር መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ቅጂውን ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል፤ ፊልም የሠራን ሰው ግን የሚያስገድድ ሕግ የለም። ስለዚህ የፊልም ዕድሜ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በባለቤቱ ፍቅርና በባለቤቱ ሐፍረት። እነዚህን የሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ያፍሩባቸው ነበር።

ሰው ቢተዋቸው እንኳ ኬሚስትሪው አይተዋቸውም። የሰባዎቹ የቀለም ቅጂዎች አብዛኞቹ የታተሙበት ፊልም ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም በጨለማ ውስጥ ተቀምጦም የሚሞት ነው። እሱ ሲሞት ቀዩ ብቻ ይቀራል። የዚያን ዘመን ቅጂ ዛሬ ብታሳዩት ሰማዩም ሣሩም የሰው ፊትም ሮዝ ነው። ሌላው በሽታ ደግሞ አሲቴት የሚባለው የፊልሙ ገላ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው መበስበሱ ነው። ጣሳውን ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ፊልሙ ይጨማደዳል፣ ያጥራል፣ በመጨረሻ ይሰባበራል። አንዴ ከጀመረ ማዘግየት ይቻላል እንጂ ማዳን አይቻልም። ይህ በሽታ ደግሞ አይመርጥም፤ ሼክስፒርንም ቧንቧ ሠራተኛውንም እኩል ነው የሚበላው።

ታዲያ ማን አዳናቸው? ሰብሳቢው ነው። እንዲጣል የታዘዘለትን ጥቅል ወደ ቤቱ የወሰደ የሲኒማ ማሽን ሠራተኛ፣ ጋራዡን በጣሳ ሞልቶ መኪናውን ውጪ ያሳደረ ጡረተኛ፣ የሲኒማ ፖስተር ከግድግዳ ልጦ አጥፎ ያስቀመጠ ልጅ። በዚያን ጊዜ ይህ እንደ ስርቆት ይታይ ነበር። ቦብ መንክሀውስ የሚባለው ስመ ጥር ኮሜዲያን በፊልም ስብስቡ ምክንያት ተከሶ ለንደን ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ድረስ ቀርቧል፤ በ1979 በነፃ ተሰናበተ። ሰውየው በ2003 ከሞተ በኋላ ያጠራቀመው ሲመረመር ጠፍተዋል ተብለው የነበሩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥራዎች ተገኙበት። ያኔ ሌባ የተባለ ዛሬ ባለውለታ ሆነ።

ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ አውቶቡስ ይነዳል። ቤቱ ስሄድ እነዚህን ፊልሞች በዲስክ አሰልፎ አየሁና፣

«አንተ... ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ለመሳቅ ነበር» አለኝ። «ኋላ ሳየው፣ ስለዚህ አገር ሰው የተማርኩት ከእነዚህ ነው። ንግሥቲቱ ያለችበት ፊልም ስለ ንግሥቲቱ ነው የሚነግርህ። እኔ የምኖረው መስኮት ጠራጊው ሰፈር ነው።»

ባለቤቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እንግዳ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ነጠላ ትጥልበታለች አሉ።

የወዳጄ ንግግር ብዙ ቀን አብሮኝ ከረመ፤ እውነት አለውና። ትልቁ የእንግሊዝ ሲኒማ በሰባዎቹ ተራውን ሰው እምብዛም አያሳይም ነበር። እነዚህ ርካሽ ፊልሞች ግን ስቱዲዮ የሚከራዩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው መንገድ ላይ፣ በእውነተኛ ሰው ቤት፣ በእውነተኛ ወጥ ቤት ውስጥ ቀረጹ። ሳያስቡት ዘመኑን መዘገቡት። በ1974 መጀመሪያ አገሪቱ በማዕድን ቆፋሪዎች አድማ ኃይል አጥሯት ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይሠሩ ነበር። ፊልሞቹ ስለዚህ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ግን የተላጠው ግድግዳ፣ ቡናማው የግድግዳ ወረቀት፣ ባዶው ሱቅ፣ ጭጋጉ... ሁሉም ከልጁ መሰላል ጀርባ ቆመው ይናገራሉ።

ተቋማቱም ዘግይተው ነቁ። በፊልሞቹ ላይ የስክሪን ጽሑፍ ሲጽፍ የኖረው ዴቪድ ማክጊሊቭሬ በ1992 የዚህን ፊልም ዘር ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። ሳይመን ሸሪዳን በ2001 ዘርዝሮ ጻፈው። በ2009 ደግሞ ብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት «ፍሊፕሳይድ» የሚል ተከታታይ ጀመረ፤ የተረሱና የተናቁ የእንግሊዝ ፊልሞችን አድሶ በብሉ ሬይ የሚያወጣ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የሶሆን ሌሊት የሚያሳዩት የስድሳዎቹ «ለንደን ኢን ዘ ሮው» እና «ፕሪሚቲቭ ለንደን» ይገኙበታል፤ ካሜራውን የያዘው ስታንሊ ሎንግ ኋላ የ«ታክሲ ነጂው»ን ፊልሞች የሠራው ሰው ነው። ቆየት ብሎም የእንግሊዝ የመጀመሪያው ባለታሪክ ወሲባዊ ፊልም የሚባለው የኖርማን ዋረን «ሀር ፕራይቬት ሄል» (1968) ወጣ። ይኸው ተቋም ዋሪክሺር ውስጥ ባሠራው የፊልም መጋዘን ኔጌቲቮች ከዜሮ በታች በ5 ዲግሪ ብርድና በ35 በመቶ እርጥበት ይቀመጣሉ። እዚያ ውስጥ ጨዋና ባለጌ የሚባል መደርደሪያ የለም።

እድሳቱ ራሱ የትዕግሥት ሥራ ነው። በመጀመሪያ ዋናው የካሜራ ኔጌቲቭ ይፈለጋል። ከተገኘ የተቀደደው ጥርስ በእጅ ይጠገናል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስካን ይደረጋል። በሰከንድ 24 ፍሬም ነውና የዘጠና ደቂቃ ፊልም 129,600 ፎቶግራፍ ማለት ነው። ጭረቱና አቧራው አንድ በአንድ ይነሳል። ቀለሙ ይመለሳል፤ እዚህ ላይ ነው ፍርድ የሚያስፈልገው። የሰባዎቹ ግድግዳ ድሮም ቡናማ ነበር፤ አሳምራለሁ ብሎ ማብራት ውሸት ነው። ጥሩ አዳሽ ሽማግሌውን ያጥበዋል እንጂ ጎረምሳ አያደርገውም።

ሌላም እሾህ አለበት፦ የትኛው ነው እውነተኛው ፊልም? ብዙዎቹ በሁለት ዓይነት ይቀረጹ ነበር፤ ለእንግሊዝ ሳንሱር ለስለስ ያለ፣ ለውጭ ገበያ ጠንከር ያለ። ሳንሱሩም በበኩሉ ይቆርጥ ነበር። «ኤስኪሞ ኔል» በዚህ ላይ ነው የሚሳለቀው። ሦስት ምስኪን ወጣቶች አንድ ፊልም ለመሥራት ይነሳሉ፤ እያንዳንዱ ባለገንዘብ የየራሱን ዓይነት ፊልም ይፈልጋልና ያንኑ ታሪክ አራት ጊዜ ለመቅረጽ ይገደዳሉ፤ አንዱ ለባለጌው፣ አንዱ ለጨዋው ቤተሰብ... መጨረሻ ላይ ጥቅሎቹ ሲቀላቀሉ የሚሆነውን አስቡት። ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ በእውነት ያሳቀኝ ይኸኛው ነው፤ የሚስቀው በራሱ ሠፈር ላይ ነውና። አዳሹም ከዚህ ይማር። ሰብሳቢ ሁልጊዜ «ያልተቆረጠውን» ይፈልጋል። ሕዝቡ በ1975 ያየው ግን የተቆረጠውን ነው። ሁለቱንም አስቀምጦ ይህ እዚህ ታየ፣ ያ እዚያ ታየ ብሎ መንገር እንጂ ረጅሙን «ዋናው» ብሎ ማወጅ ታሪክ ማጣመም ነው።

እስካሁን ሰብሳቢውን አመሰገንኩ። አሁን ልውቀሰው። ወቀሳዬ ከጥራት ይጀምራል። ፊልሙ ሮዝ ሆኖ፣ ተቦጫጭቆ በሚታይበት ጊዜ የማይታይ ነገር ነበር፤ የሴቶቹ ፊት። ሲታጠብ ታየ። ጎረምሳው ይዘላል፣ ባልየው ይጮኻል፣ ሁሉም ቀልድ ተሰጥቶታል። ሴቲቱ ግን የምትቀልደው የላትም። ቆማለች። በርዷታል፤ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ይታያል። ካሜራው ከእሷ ላይ ሊነሳ ሲል ፈገግታዋ ቀድሞ ይነሳል። ይህን እድሳቱ ነው ያሳየኝ። አሮጌው ቅጂ ለእሷም ለእኛም ነጠላ ጥሎልን ነበር።

ስለ ሜሪ ሚሊንግተን ሳይነሳ ይህ ወሬ አይሞላም። «ካም ፕሌይ ዊዝ ሚ»ን አራት ዓመት ያቆመው ታሪኩ አይደለም፤ የእሷ ስም ነው። ፊልሙ ውስጥ ያላት ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ማስታወቂያው ግን እሷን ነበር የሚሸጠው። የሴት ገላ ማሳየት ወንጀል መሆን የለበትም ብላ በግልጽ የምትከራከር፣ የራሷ ሱቅ የነበራት ሴት ናት። ፖሊስ ሱቋን ይፈትሽባት ነበር፤ የግብር ዕዳም ተቆልሎባት ነበር። በነሐሴ 1979 ራሷን አጠፋች። 33 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ ሙላን ውስጥ ገና እየታየ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላም በ1980 እና በ1981 ስሟን በርዕሳቸው የተሸከሙ ፊልሞች ወጡ። ቀብሯ ሳይደርቅ ስሟ ትኬት ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ሙላን የነበረበት ቦታ ላይ በ2014 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ በ2016 ደግሞ ሸሪዳን ስለ ሕይወቷ «ሪስፔክተብል» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠራላት። ጥሩ ነው። የሟችን ገላ ብቻ ሳይሆን ንግግሯንም ማስቀመጥ እንዲህ ነው።

ወንዶቹንም ቢሆን ዘመኑ አላዘነላቸውም። በ1976 «ታክሲ ነጂ» ሆኖ የተጫወተው ባሪ ኢቫንስ፣ መልከ መልካሙ የቴሌቪዥን ኮከብ፣ ሥራ ሲጠፋበት በኋላ ዘመኑ እውነተኛ ታክሲ ነጂ ሆኖ ነበር፤ በ1997 ሞተ። ይህን ቀልድ ደግሞ ማንም አልጻፈውም።

ስለዚህ «ያኔ እኮ ንጹሕ ጨዋታ ነበር፤ የዛሬ ሰው ቀልድ አያውቅም» የሚለውን የሰብሳቢ ናፍቆት አልቀበለውም። የሚናፍቀው ፊልሙን ሳይሆን የራሱን አሥራ ስምንት ዓመት ነው። መናፈቁ መብቱ ነው። ግን ናፍቆት ለዘጠና ደቂቃ በብርድ ለቆመችው ሴት ሊመሰክርላት አይችልም። አንዴ ተከፍሏት ሄዳለች፤ ምስሏ ግን በየአሥር ዓመቱ በአዲስ ሣጥን፣ በተሻለ ጥራት ይሸጣል። ከዚህ ሽያጭ ለእሷ ምን ደረሳት ብሎ የሚጠይቅ ሰብሳቢ እምብዛም አላጋጠመኝም።

«እንግዲያውስ ይጣል!» የሚለውንም አልቀበለውም። እንዲያውም ይሄኛው የባሰ ነው። ፊልሙ ቢጠፋ የሚጠፋው ስድቡ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ነው። አንድ ሕዝብ በ1974 በምን እንደሳቀ፣ ሴትን እንዴት እንዳየ፣ ድሃ የሀብታም ቤት ሲገባ ምን እንደተመኘ የሚናገር ሌላ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የእኛ ሰው። ያው የእኛ ሰው ግን ገመና ሸፋኝን ያመሰግናል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቦታቸው ነው የሚለየው። የሰውን ገመና ጎረቤት ይሸፍነዋል። የዘመንን ገመና ግን የሸፈነ መዝገብ ቤት ሥራውን አልሠራም።

እኛም ከዚህ ወሬ ሙሉ በሙሉ ውጪ አይደለንም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሠራው በእነዚያው ዓመታት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ታጥቦ የታደሰው ግን በ2006 ጣሊያን አገር ቦሎኛ ነው። እሰይ፣ ተረፈ። እሱ የታላቅ ጥበብ ሥራ ስለሆነ የሚቆረቆርለት አላጣም። እኔ የሚያሳስበኝ ሐያሲ የዘለፋቸው፣ ሕዝብ ግን ተሰልፎ ያያቸው የእኛ የቪዲዮ ኮሜዲዎች ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ ተነስቶ «አዲስ አበቤ በዚያን ጊዜ በምን ይስቅ ነበር?» ቢል ማስተር ቅጂውን ከየት እናመጣለታለን? የማን ጓዳ ውስጥ፣ የትኛው የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ላይ? ደካማ ፊልም ስለሆነ ይጥፋ ካልን፣ ልጁ የሚያገኘው የምንኮራበትን ብቻ ነው። የሚኮሩበትን ብቻ ያወረሰ ትውልድ ደግሞ ስለራሱ ዋሽቷል።

እንግሊዞቹ ፊልሞቻቸውን ያድሱ። ቀልዱ ቢያስቀይምም ሳይቆርጡ፣ ግድግዳውንም ሳያሳምሩ። ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ ግን ዘላዩን ጎረምሳና ዳይሬክተሩን ብቻ ይዘው አይምጡ፤ በሕይወት ያሉትን ሴቶች ይፈልጓቸው፣ ይጠይቋቸው፣ እምቢ ካሉም እምቢታቸውን ያክብሩ። ከሽያጩም ያካፍሏቸው። እነዚህ ፊልሞች ሲያልቁ የሚመጣውን ዝርዝር ልብ ብላችሁ እዩት። ወንዱ፣ ሁለት ቃል የተናገረው ፖሊስ እንኳ፣ ስም አለው። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ግን «አንደኛዋ ልጅ»፣ «ሁለተኛዋ ልጅ» ተብለው ነው የተጻፉት፤ ጭራሽ ያልተጻፉም አሉ። 129,600 ፍሬም አንድ በአንድ ያጠበ ሰው የአንዲት ሴት ስም መፈለግ አያቅተውም።